የዳገት ማርሽ፦ ከደብረ ታቦር ሐሙሲት ደርሶ መልስ

ከቤት የወጣሁት በማለዳ፣ የጉና ራስ ገና በጉም እንደተሸፈነ ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። ጉዞዬ ወደ ሐሙሲት ሲሆን ሁለት ጉዳይ ነበረኝ። አንደኛው የብስክሌቴ ነው፤ ማርሹን ልቀይር ወይስ እንዳለ ልተወው የሚለውን ኑሩ ከሚባል ወዳጄ ጋር ተማክሬ መቁረጥ ነበረብኝ። ኑሩ የብስክሌት ሜካኒክ ነው። ሁለተኛው የእህቴ ጉዳይ ነው። ታላቅ እህቴ እቴ ጥሩወርቅ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸው ሰው የምትለየው በድምፁ ሆኗል። በዚያው ሰሞን የዓይን ሐኪሞች ደብረ ታቦር መጥተው ስለሚያክሙ ስሟ ተመዝግቧል። ይዛት የምትመጣው ጎረቤቷ ናት ተብሎ ነበር፤ እኔ ግን ከሕክምናው በፊት ላያት ፈለግሁ።

ወንድሟ ሆኜ ሳለ ለምን ጎረቤት እንደሚያመጣት ልንገራችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ከወረታ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከዓለም ሳጋ ደን በታች አንድ ኩርባ ላይ ተገለበጠ። አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ገብሳቸው ሲያጫውቱኝ የነበሩ አባት አልተረፉም። እኔ የግራ ጉልበቴ ተጎድቶ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ መኪና መሳፈር አቃተኝ። ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። መናኸሪያ ሄጄ፣ ወንበር ይዤ ተቀምጬ፣ ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ ሰው እየረገጥኩ ወርጃለሁ። ባለቤቴ ትርንጎ በዚህ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። እኔም ስለ ነገሩ አላወራም ነበር።

ሥራዬ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው፤ ከተማ ውስጥ በእግሬ እዞራለሁ። ከከተማ ስወጣ ግን ኮርሴ አለችኝ። ኮርስ የምንለው ጎማው ቀጭን፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈውን የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው። ውድድር ካቆመ ሰው ላይ ስለገዛኋት ማርሿም የተወዳዳሪ ነው፤ የፊቱ ጥርስ ትልቅ፣ የኋላዎቹ ትንንሽ ናቸው። እንዲህ ያለው ማርሽ ሜዳ ላይ ያስበርራል። ዳገት ላይ ግን አንዱን ፔዳል ለማዞር በሙሉ ክብደት መቆም ይጠይቃል። ባለፈው ከሐሙሲት ስመለስ ግማሹን እየረገጥኩ፣ ግማሹን እየገፋሁ ወጥቼ ጉልበቴ አብጦ ሰነበተ። ጉልበቴን የሚከታተለው ባለሙያ በእጁ ጫን ጫን እያደረገ አይቶ "ወይ የቀለለ ማርሽ አስገባ፣ ወይ ብስክሌቱን ሽጠው። በዚህ ዓይነት ጉልበትህ አይቆይልህም" አለኝ። ብስክሌቱን ከሸጥኩ ደግሞ ከደብረ ታቦር መውጫ የለኝም።

ቁልቁል

ትርንጎ የተቀቀለ ድንችና ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ። መናኸሪያው በር ላይ ቆም ብዬ የመንገዱን ነገር ጠየቅሁ። አንድ ተራ አስከባሪ "ትናንት ሰላም ነበር" አለኝ። በዚህ ዘመን ከዚህ የተሻለ መልስ ስለማይገኝ ጉዞዬን ጀመርኩ።

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወስደው አስፋልት ጥቂት ወጣ ገባ ካለ በኋላ ራሱን ለቁልቁለቱ ይሰጣል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ የሱፍ ጓንት ባላደርግ ፍሬን መያዝ አልችልም ነበር። በግራና በቀኝ ገብስ ታጭዶ ተከምሯል፤ አውድማ የሚለቀልቁ ሰዎች ቀና ብለው እጃቸውን አነሱልኝ። ዓለም ሳጋ ስደርስ የጽዱ ሽታ መጣ። ደኑ መንገዱን ስለሚያጠላው አስፋልቱ ጤዛ እንዳረፈበት ነበር፤ ፍሬኔን ቶሎ ቶሎ ነካ ነካ እያደረግሁ ወረድኩ።

ሚኒባሱ የተገለበጠባት ኩርባ ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ከብስክሌት ወርጄ በእግሬ አለፍኩ። ከታች ገደሉ ላይ ሣር በቅሏል፤ ምንም ምልክት የለም።

ዓለም በር ስገባ ጓንቱንም ሹራቡንም አወለቅሁ። ቆላው ሞቅ አድርጎ ተቀበለኝ። መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት ዳቦ ቆርሳ እያቀረበችልኝ ኮርሴን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ቁልቁለቱንስ መጣህበት፤ ስትመለስ ማን ይሸከማታል?" አለችኝ።

"እሱን ልጠይቅ ነው የምሄደው" አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ጥያቄው ግን ሻዬን ጠጥቼ ከጨረስኩ በኋላም አብሮኝ ቆየ።

ከዓለም በር በኋላ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። ሩዙ ቢጫ ሆኖ ቆሟል፤ ግማሹ ታጭዶ ነዶው በየማሳው ተኝቷል። እዚህ ላይ የድሮው ማርሼ ምን እንደሆነ አሳየኝ። ካቴናውን ወደ ትልቁ የፊት ጥርስ አወጣሁና ነፋሱን ከኋላ አድርጌ ስረግጥ ጎማው አስፋልቱ ላይ እያፏጨ ወረታ አደረሰኝ። ሽንኩርት የጫነ ባጃጅ ቀደምኩ። ሰው በራሱ እግር ይህን ያህል ሊፈጥን መቻሉ አሁንም ይገርመኛል። ይህን ማርሽ ለማስወለቅ ነው የምሄደው ብዬ ሳስብ ከፋኝ።

ወረታ ላይ ሩዝ በተቀላቀለበት እንጀራ ሽሮ በላሁ። እንጀራው ነጭና ለስላሳ ነው፤ ከሳህኑ ሲነሣ ግን ቶሎ ይቆረሳል። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፌ፣ የጉማራን ድልድይ ተሻግሬ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሐሙሲት ገባሁ።

ሐሙሲት፣ እህቴ ቤት

እቴ ጥሩወርቅ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። በዓይኗ አይደለም፤ በጣቷ እየዳሰሰች ድንጋዩን ታወጣለች። ብስክሌቷን ስገፋ የኋላው ጎማ ቲክ ቲክ ሲል ሰማችና ቀና አለች።

"ይርጋ ነህ?"

"እኔ ነኝ እቴ። እንደምን ከረምሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበትህስ?"

ሁልጊዜ የእኔን ሕመም ነው የምታስቀድመው። በአሥራ ምናምን ዓመት ስለምትበልጠኝ እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደ እናት ናት። ባሏ ካረፈ በኋላ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ሁለት ክፍሏን አከራይታ ትተዳደራለች። እራት ስታቀርብ ወጡን ከድስቱ አንድም ሳታንጠባጥብ ጨለፈችው። ልነሣና ላግዝ ስል "ተቀመጥ፤ ቤቴን በእጄ አውቀዋለሁ" አለችኝ። ነገር ግን በአንድ ጉንጯ ላይ የመውደቅ ጠባሳ አየሁ። ስጠይቃት ከደጅ ያለውን ቦይ እንደሳተችው ነገረችኝና ወሬ ለወጠች።

ኑሩ ዘንድ

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። ኑሩ ሱቁ በራፍ ላይ ገመድ፣ ሳሙናና የሞተር ዘይት ደርድሮ ይሸጣል፤ ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ ብስክሌት ይጠግናል። በወጣትነቱ ባሕር ዳር የተወዳዳሪዎችን ብስክሌት ይጠግን ስለነበር ኮርስ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። አባቱ ሲያርፉ የእሳቸውን ሱቅ ለመያዝ ነው ሐሙሲት የተመለሰው።

ኮርሴን ከጣሪያው በወረደ ገመድ ሰቅሎ ፔዳሉን በእጁ አዞረ። ካቴናው ላይ ማስመሪያ አስደግፎ ሁለት ጊዜ ለካ።

"ምነው?" አልኩት።

"ተለጥጧል። ጥርሶቹም እንደ ካቴናው ሆነዋል፤ አብረው ስላረጁ ነው የተስማሙት። ምንድን ነው ያሰብከው?"

"የኋላውን ጥርስ ብቻ በትልቅ ብትቀይርልኝ ብዬ ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። "አንዱን ለይቼ ብቀይር አሮጌው ካቴና አዲሱ ላይ ይዘላል። ዳገት መሀል ላይ ከዘለለ ደግሞ ትወድቃለህ። ሌላም አለ፤ ይቺን እያት።" ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የምታሻግረውን ማርሽ መቀየሪያ በጣቱ ነካት። "ክንዷ አጭር ነው፤ ለትልቅ ጥርስ አትበቃም። ከተቀየረ ጥርሱም፣ ካቴናውም፣ መቀየሪያዋም ነው የሚቀየረው።"

ዋጋውን ሲነግረኝ የአንድ ወር ደሞዜን ይጠጋ ነበር። ከትርንጎ ጋር ለዚሁ ብለን ያስቀመጥነው ስለነበረ በዚያ አልደነገጥኩም። የከበደኝ ሌላ ነው።

"ሜዳ ላይስ ምን ትሆናለች?" አልኩት።

"አልዋሽህም፣ ትጎዳለህ። ጥርሶቹ ይራራቃሉ፤ አንዱ ሲቀልህ ቀጣዩ ይከብድሃል። ነፋስ ሲኖር ልክህን አታገኝም። እንደ ትናንቱ አትበርም።" ከዚያ ፈገግ አለ። "እኔ ብሆን ለራሴ አልቀይራትም ነበር። እኔ ግን የምኖረው ሐሙሲት ነው።"

ለመወሰን አልቻልኩም። ኑሩም አላጣደፈኝም። ጥግ ላይ የቆመች፣ ጎማዋ ወፍራም የራሱን አሮጌ ማውንቴን ብስክሌት አውጥቶ "ኋላዋ ያለው ትልቁ ጥርስ ላስገባልህ ካሰብኩት ጋር እኩል ነው። ከገበያው ጀርባ ያለውን አቀበት ውጣባትና ጉልበትህን ጠይቀው" አለኝ።

ወጣሁ። አቀበቱ አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው። ካቴናውን ትልቁ ጥርስ ላይ ሳወጣው እግሬ የሚረግጠው ነገር ያጣ መሰለ፤ ፔዳሉ በባዶ የሚዞር ያህል ቀለለ። ብስክሌቷ ግን ወደ ላይ ትሄዳለች። ዝግ ብላ፣ ሳትቆም። በጀርባቸው ጨው የተሸከሙ ሴትዮ ከጎኔ መጥተው፣ አይተውኝ፣ ቀድመውኝ አለፉ። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው "ሳይክል ነው ወይስ ወፍጮ?" ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። አፈርኩ። ጫፍ ላይ ደርሼ ወርጄ ስቆም ግን ጉልበቴን ዳሰስኩት። ከአደጋው ወዲህ ዳገት ወጥቼ ጉልበቴ ሳይጠዘጥዘኝ ሲቀር የመጀመሪያዬ ነበር።

ተመልሼ "ቀይርልኝ" አልኩት።

"እሺ። መቀየሪያዋ እዚህ የለችኝም፤ ከባሕር ዳር ነው የማስመጣት። ብስክሌቷን ለሳምንት ትተዋታለህ።"

ይህን አላሰብኩበትም። ከተውኳት በምን እመለሳለሁ? ይዣት ከሄድኩ በድሮው ማርሽ ዳገቱን ወጥቼ፣ ሳምንት እንደገና ወርጄ ማምጣት ሊኖርብኝ ነው፤ ያም ጉልበቴ ከፈቀደ። ኑሩ የአደጋውን ነገር ያውቃል። ገመዱን እንደያዘ ጠበቀኝ።

"እስከ ማታ ላስብ" ብዬው ወጣሁ። ብስክሌቷን ግን አላወረድኳትም።

ውሳኔ

እቴ ጥሩወርቅ ነገሩን ሁሉ ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ። የጥርሱንና የካቴናውን ነገር ምን ያህል እንደተከተለችው እንጃ። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እንግዲህ ከመኪናው ጋር ነው ጠቡ?"

"አዎ እቴ።"

ወደ እኔ ዞራ "ያቺ ጎረቤቴ ልጇ ታሞባት ቀኑን እያራዘመችብኝ ነው። እኔም ደፍሬ አልጠየቅሁህም እንጂ አንተው ብትወስደኝ ነበር የምወደው" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ልመና አልነበረም። "እኔ መንገዱን ላየው ብፈልግም አይታየኝም። አንተ ደግሞ እያየኸው ትፈራዋለህ። አብረን እንሂድና እንሞክረው። ካቃተህ እንወርዳለን፤ ዓለም በር ላይ ወርደን ብናድር ማን ይከለክለናል?"

ካቃተህ እንወርዳለን ማለቷ ነው የረዳኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሁሉ "አይዞህ፣ ምንም አይልህም" ይለኝ ነበር፤ አንድ ነገር እንደሚል ግን በዓይኔ ስላየሁ ማንንም አላመንኩም። ሱቁ ሳይዘጋ ሄጄ ለኑሩ ብስክሌቷን እንደምተዋት ነገርኩት።

ሽቅብ በሚኒባስ

በማግሥቱ ጠዋት ከሾፌሩ ጀርባ ሁለት ወንበር ያዝን። ሾፌሩ ጎልማሳ ነው። ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ፣ "ወንድሜ፣ እህቴ የታመመች ናት፤ ኩርባው ላይ ቀስ ብትልልን" አልኩት። በእህቴ ማሳበቤ ነበር። እሱም በመስታወቱ ፊቴን አየና "ለሁላችሁም ቀስ እላለሁ" አለኝ።

ሞተሩ ሲነሳ መዳፌ ላብ ሆነ። እቴ ጥሩወርቅ እጄን ፈልጋ ያዘችና "ምን ይታይሃል? ንገረኝ እንጂ፤ እኔ ዝም ብዬ ልቀመጥ ነው?" አለችኝ።

ነገርኳት። መጀመሪያ ቃል በቃል፣ እንደ ግዴታ፤ ጉማራ ሞልቷል፣ ሩዙ ታጭዷል፣ የፎገራ ላሞች ውሃ ውስጥ ቆመዋል። እሷ ደግሞ እያንዳንዱን ትጠይቃለች። የላሞቹ ቀለም ምን ዓይነት ነው? የእገሌ ማሳ የነበረው አሁን ምን ተዘራበት? ስመልስላት ወደ ውጭ ማየት ነበረብኝ፤ ወደ ውጭ ሳይ የሾፌሩን እጅ መጠበቅ ተውኩ። ዓለም በር ላይ ረዳቱ "ወራጅ አለ?" ሲል እቴ እጄን ጫን አደረገች። "የለም" አልኩ እኔ።

ዳገቱ ተጀመረ። ኩርባዋ ስትቃረብ ቃል ከአፌ ጠፋ።

"ለምን ዝም አልክ?"

"እዚህ ነው" አልኳት።

አማተበች። "ያረፉት አባት ስማቸው ማን ነበር?"

"አላውቅም እቴ። ስለ ገብሳቸው ነው ያወሩኝ፤ ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም።"

"እግዚአብሔር ያውቃቸዋል። ነፍሳቸውን ይማር።" ከኋላችን የተቀመጡ ባለ ነጠላ ሴት ሰምተው "ይማር" አሉ። የሰሙት ሌሎችም ደገሙት። መኪናው በዝግታ ኩርባዋን ዞረ። አለቀስኩ፤ ማንም ዞሮ አላየኝም። ጫካው ውስጥ ስንገባ እቴ የጽዱን ሽታ ወደ ውስጥ ሳበችና "ይኼንንስ ሳትነግረኝም አወቅሁት" አለችኝ።

ትርንጎ ከመኪና ስንወርድ ስታየን እቴን ሳትስም መጀመሪያ ወደ እኔ ዞረች። ሻንጣውን ከእጄ ተቀበለችኝና ፊቷን አዞረች።

ሽቅብ በብስክሌት

ሳምንቱ ሲሞላ ብቻዬን በሚኒባስ ወደ ሐሙሲት ወረድኩ። ፈርቻለሁ፤ ግን መንገድ ላይ ከመኪናው አልወረድኩም። በዚያው ቀን ጠዋት እቴ ሐኪሞቹ አንድ ዓይኗን እንዲሠሩላት ወረፋ ይዛ ከትርንጎ ጋር ሆስፒታል ነበረች። ልቆይላት ብል "ብስክሌትህን አምጣ፤ እዚህ ቆመህ ምን ታደርግልኛለህ?" ብላ አባረረችኝ። እዚያው ሐሙሲት አድሬ፣ በስልክ ደህና መሆኗን ሰምቼ፣ በማግሥቱ ማለዳ ተነሣሁ።

ኑሩ እንዳለው ሜዳውን ተጎዳሁ። ከሐሙሲት እስከ ወረታ ነፋሱ ከፊት ነበር፤ አንዱ ጥርስ ይከብደኛል፣ ቀጣዩ ያባክነኛል። ባጃጆች ቀደሙኝ። የዚያ የመጀመሪያው ቀን ፍጥነት ናፈቀኝ። ዓለም በርን አልፌ መሬቱ ቀና ሲል ግን ካቴናውን ትልቁ ጥርስ ላይ አወጣሁና ተቀመጥኩ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ተቀምጦ መውጣት። ትንፋሼ ከእግሬ ጋር ተስማማ። ጉልበቴ ሞቀ እንጂ አልተቆጣም።

እንዲህ ስወጣ በአህያ ገብስ የጫኑ አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ሆኑ። እኩል ነበር የምንሄደው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ብዙ መንገድ እግሬን ሲያዩ ቆዩ።

"ልጄ፣ ብስክሌቱ ይህን ያህል ከተንቀራፈፈ ወርደህ ብትሄድ አይሻልህም?"

"እየገፋሁ ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል አባቴ። እርስዎስ ለምን አህያው ላይ አይወጡም?"

"ገብሱ አለበት እንጂ። ሁለታችንን አይችልም።" ትንሽ አስበው "እንግዲያ ያንተው ይሻላል" አሉኝ።

እስከ መታጠፊያቸው ድረስ ስለ ዘንድሮ ዝናብ፣ ባሕር ዳር ስለምትሠራ ልጃቸው አጫወቱኝ። ስንለያይ ስማቸውን ጠየቅኋቸው። አለቃ ይመር ይባላሉ።

ጽዱ ሥር ውሃ ልጠጣ ቆምኩ እንጂ ለመግፋት አልወረድኩም። ደብረ ታቦር ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

እንደ እኔ ኮርስ ይዞ ደጋ የሚኖር፣ ልቀይር አልቀይር የሚል ሰው ቢጠይቀኝ የምለው ይኸንን ነው፦ ማርሽህን በምትበርበት ሜዳ አትምረጥ፤ ወደ ቤትህ በሚመልስህ መንገድ ምረጥ። ከቀየርክም ሦስቱንም አንድ ላይ ቀይር። ከዚያ በላይ የተማርኩት ስለ ብስክሌት አይደለም፤ ፍርሃት ስላለቀ ሳይሆን እጄን የያዘኝ ሰው ስለነበረ መሳፈሬን ነው። ዛሬም ሞተር ሲነሳ መዳፌ ያልበዋል።

ግቢ ስገባ እቴ ጥሩወርቅ ጥቁር መነጽር አድርጋ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ትሞቃለች። ሐኪሙ የሠራላትን ዓይኗን ጠዋት ፈትቶላታል። ብስክሌቷን አስደግፌ ስቀርብ መነጽሯን ከፍ አደረገችና ብዙ አየችኝ። ከግንባሬ ጀምራ፣ እስከ አገጬ፣ እንደገና ወደ ጠጉሬ።

"ይርጋ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ይኼ ሁሉ ሽበት መቼ ወጣብህ?"